ላሜ ሆርሞን ተወጋች፤ ወተቷ ይጠጣል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምኖረው ሀዋሳ፣ ቱላ አካባቢ ነው። ሁለት የተዳቀሉ ላሞች አሉኝ፤ ወተቱን ለሠፈር ሰው እሸጣለሁ። አንደኛዋ ኮርማ አልፈልግ ብላ ስለቆየች የእንስሳት ባለሙያ መጥቶ ሆርሞን ወጋልኝ። ላሟን የያዝኩለትም፣ መድኃኒቱን ያቀበልኩትም እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ኮርማ ፈለገች፤ ተዳቀለችም። ወሬው ሲሰማ ግን ብዙ ደንበኞቼ ቀሩ። ‹የሆርሞን ወተት ለልጆቻችን አናጠጣም› አሉኝ። አማቴ ደግሞ የፈረንጅ ዶሮም፣ የሐይቁ ቆሮሶ ዓሣም በሆርሞን ነው የሚያድገው ትላለች። የላም ሆርሞን ሰው ላይ ይሠራል ወይ? እኔስ ወተቱን ልጠጣው? የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ።»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ወተቱን እንደ ሁልጊዜው አፍልተው ይጠጡ፤ ለደንበኛም ይሽጡ። በዚያ መርፌ ምክንያት የሚደፋ ወተት የለም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። «መድኃኒቱን ያቀበልኩትም እኔ ነኝ» ያሉት። ነፍሰ ጡር ሆነው ያንን ብልቃጥ መንካት አልነበረብዎትም። ይህን አስቀድሞ ሊነግርዎ የሚገባው ባለሙያው ነበር። መድኃኒቱ እጅዎ ላይ ካልፈሰሰ፣ መርፌው ካልወጋዎት፣ ከዚያ ወዲህም የሆድ ቁርጠት ወይም ደም ካላዩ አይሸበሩ። ከሰውነት ቶሎ የሚወጣ መድኃኒት ነው። በሚቀጥለው የእርግዝና ክትትል ግን ለሐኪምዎ ይንገሩ። ቁርጠት ወይም ደም ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ይሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። «የላም ሆርሞን ሰው ላይ ይሠራል ወይ?» ለሚለው አንድ መልስ የለም። አንዳንዱ ልክ እንደ ራሳችን ሆርሞን ይሠራል። አንዳንዱ ጭራሽ አይሠራም። አንዳንዱ ደግሞ ይሠራል፣ ግን ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው። ይህን ካልለየን የማያስፈራውን እየፈራን፣ የሚያስፈራውን በእጃችን እናቀብላለን። እርስዎ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ሆርሞን ከእጢ ወጥቶ በደም የሚዞር መልእክት ነው። ደም ሁሉም ጋ ይደርሳል፤ መልእክቱ ግን ሁሉንም አይመለከትም። ሌሊት የዕድር ጥሩምባ ሲነፋ ያስቡ። ድምፁ ለሠፈሩ ሁሉ ይሰማል። የዕድሩ አባል ያልሆነ ተኝቶ ያድራል። አባሉ ይነሣል፤ ግን አንዱ ድንኳን ይተክላል፣ ሌላው ወንበር ይሸከማል፣ ሌላዋ ንፍሮ ትቀቅላለች። ሥራውን የሚወስነው ጥሩምባው ሳይሆን የሰሚው ድርሻ ነው። በሰውነት ውስጥ አባልነቱ ሴሉ የያዘው መቀበያ ነው። መቀበያ የሌለው ሴል ሆርሞኑ ቢያጥለቀልቀውም ንቅንቅ አይልም።

ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን እንውሰድ። ላምዎ ጡት ውስጥ ወተት ያሠራል። ዶሮ ላይ ግን መጣሉን አቁማ እንቁላሏን እንድትታቀፍ ያደርጋታል። የሀበሻ ዶሮ ጥቂት ጥላ መታቀፍ የምትጀምረው በዚህ የተነሣ ነው። ለእንቁላል ተብለው የተመረጡት የውጭ ዝርያዎች ይህ ጠባይ በእርባታ ስለተቀነሰባቸው ሳይታቀፉ ይጥላሉ። ርግብ ደግሞ ከጉሮሮዋ ከረጢት ወተት የሚመስል ምግብ አፍልቃ ጫጩቷን ታበላለች፤ ወንዱም እንዲሁ ያደርጋል። ያዘዛቸው ያው ፕሮላክቲን ነው። ሐይቁ ውስጥ ያለው ቆሮሶ ጡት የለውም። እሱ ዘንድ ፕሮላክቲን በሰውነቱ ያለው ጨው ወደ ውኃው እንዳያመልጥ ይጠብቃል። ጡት ያለው እንስሳ ወደ ምድር ከመምጣቱ በፊት ይህ ሆርሞን ዓሣ ውስጥ ነበር። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እገረማለሁ። ተፈጥሮ መልእክቱን አልለወጠችም፤ ድርሻውን ብቻ ነው ደጋግማ ያከፋፈለችው።

ለዚህ ነው «አይጥ ላይ ተሞክሮ ሠራ» የሚል ወሬ ሲነበብ ቆም ማለት የሚያስፈልገው። አንዱ መልእክት ሁለት እንስሳት ዘንድ ተቃራኒ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ሜላቶኒን ሌሊት የሚመነጭ ሆርሞን ነው። በአውሮፓ ሌሊቱ ሲረዝም፣ ሜላቶኒኑም ሲበዛ፣ በግ ለመጠቃት ትነሣሣለች። ሃምስተር የሚባለው የአይጥ ዘመድ ግን በዚያው ረጅም ሌሊት መራባቱን ያቆማል። ሀዋሳ ወደ ምድር ወገብ ስለምትቀርብ ቀንና ሌሊቱ እምብዛም አይለዋወጥም፤ በጎቻችንም ዓመቱን ሙሉ ይወልዳሉ።

ወደ ሰው ልመለስ። የአንዱ እንስሳ ሆርሞን ሌላው ላይ መሥራቱ በሁለት ነገር ይወሰናል፤ ሆርሞኑ ከምን እንደተሠራና ወደ ሰውነት እንዴት እንደሚገባ።

ከፕሮቲን የተሠሩ ሆርሞኖች አሉ። የእነዚህ ቅርጽ ከእንስሳ እንስሳ ይለያያል፤ አንዳንዴ በጥቂቱ፣ አንዳንዴ በብዙ። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች፣ አሉት። የአሳማው ከሰው በ1 ብቻ ይለያል፤ የላሙ በ3። ስለዚህ ሰው ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ በስኳር በሽታ ሊሞት የደረሰ የ14 ዓመት ልጅ ከከብት ቆሽት በተጨመቀ ኢንሱሊን ሕይወቱ ተረፈ። በባክቴሪያ የሚመረተው የሰው ኢንሱሊን በ1982 እስኪፈቀድ ድረስ የዓለም የስኳር ታማሚዎች በከብትና በአሳማ ቆሽት ነው የኖሩት።

የእድገት ሆርሞን ግን ሌላ ታሪክ አለው። ይህም ፕሮቲን ነው፤ 191 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ የላሙ ከሰው በሲሶ ያህሉ ይለያል። ሐኪሞች ኢንሱሊኑን አይተው፣ ቁመታቸው ለተገታ ልጆች የከብት የእድገት ሆርሞን ወጉ። ምንም አልመጣም። የሰው መቀበያ የላሙን አያውቀውም። በ1958 የሰው ሆርሞን ተሞከረና ልጁ አደገ። ግን ከየት ይምጣ? ከሞተ ሰው አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ እጢ እየተጨመቀ ይሰጥ ጀመር። ከዓመታት በኋላ አንዳንዶቹ ልጆች ከአስከሬኑ በተላለፈ ገዳይ የአንጎል በሽታ ተያዙ። በ1985 ቆመ። የላም ሆርሞን ሰው ላይ ቢሠራ ኖሮ እነዚያ ልጆች ይህ ባልደረሰባቸው ነበር። የዝርያ ልዩነት የመማሪያ መጽሐፍ ነገር ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ደግሞ ፕሮቲን የሆነ ሆርሞን ሲዋጥ ጨጓራና አንጀት እንደ ሥጋ ያደቁታል። ኢንሱሊን በመርፌ እንጂ በእንክብል የማይሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ከ1993 ጀምሮ ወተት ለመጨመር ላም እንዲወጋ የተፈቀደው የላም የእድገት ሆርሞን ጠጪው ላይ የሚሠራበት መንገድ ሁለት ጊዜ ተዘግቷል ማለት ነው። ጨጓራ ይፈጨዋል፤ ቢያመልጥም የሚቀበለው የለም። ካናዳና የአውሮፓ ኅብረት የከለከሉት በዋናነት ለላሟ አዝነው ነው፤ የጡት በሽታና ማነከስ ስለሚያበዛባት።

ሁለተኛው ወገን ትንንሾቹና በስብ የሚሟሙት ናቸው። ኤስትሮጅን፣ ፕሮጄስትሮን፣ ቴስቶስትሮን እዚህ ይገባሉ፤ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሆርሞንም ከእነርሱ ጋር ይቆጠራል። እነዚህ ከዓሣ እስከ ሰው ያው ሞለኪውል ናቸው። የአንዱ ሌላው ላይ ይሠራል። በአፍም የሚሠሩ አሉባቸው። መጠንቀቅ ያለብን እዚህ ጋ ነው።

በ1984 እና 1985 በአሜሪካ ሚኒሶታና አጎራባች ግዛቶች ሰዎች ልባቸው ይመታ፣ ያልባቸው፣ እንቅልፍ ያጡ፣ ይከሱ ጀመር። 121 ሰዎች ታመሙ። የታይሮይድ በሽታ ይመስላል፤ የራሳቸው እጢ ግን ጤነኛ ነበር። ነገሩ ሲጠና ምክንያቱ ከአንድ ቄራ የወጣ የተፈጨ ሥጋ ሆኖ ተገኘ። የከብቱ የአንገት ሥጋ ሲቆረጥ የታይሮይድ እጢው አብሮ ተፈጭቷል። ሥጋው ተበስሎ ነበር የተበላው፤ እሳት አላጠፋውም።

እዚህ ላይ ለቅርጫ ሰዎች አንድ ቃል አለኝ። በግና በሬ በግቢ ስናርድ እጢ የሚመረምር ባለሙያ አጠገባችን የለም። ከማንቁርቱ ዝቅ ብሎ በአየር ቧንቧው ግራና ቀኝ የተለጠፉት ሁለት ጠቆር ያሉ ቀያይ እጢዎች ታይሮይድ ናቸው። ከአንገት ሥጋ ጋር ወደ መደብ አይግቡ። ለውሻም አይሰጡ፤ ውሻም ላይ ይሠራሉ። ቅበሯቸው።

አሁን ወደ እርስዎ ላም መርፌ። ከገለጹት ሁኔታ፣ በተለይ በሦስተኛው ቀን ኮርማ ከመፈለጓ፣ የተወጋችው ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ሆርሞን ሳይሆን አይቀርም። ለእናንተ አካባቢ አዲስ አይደለም። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ኢልሪ ይመራው የነበረው ፕሮጀክት ከሀዋሳ እስከ ዳሌ ድረስ በዚሁ ሆርሞን ብዙ ላሞችን በአንድ ሰሞን ኮርማ እንዲፈልጉ አድርጎ ማዳቀል ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያም ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተስፋፋ።

ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ በቦታው ቢጫ እጢ ይቀራል፤ ፕሮጄስትሮንም ያመነጫል። እሱ እስካለ ኮርማ አያምራትም። ካላረገዘች የገዛ ማኅፀኗ ፕሮስታግላንዲን ልኮ ቢጫውን እጢ ያፈርሰዋል፤ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። መርፌው ይህንኑ የማኅፀን መልእክት ቀድሞ ማድረስ ነው። ባዕድ ነገር አልገባባትም። ሰውነቷ በየሦስት ሳምንቱ የሚያደርገውን ነው ያደረገው።

ቢጫ እጢው በደንብ ካልበሰለ፣ ኮርማ ከፈለገች ገና አምስት ቀን ካልሞላት ማለቴ ነው፣ መርፌው ከንቱ ነው። ያረገዘች ላም ከተወጋች ደግሞ ቢጫው እጢ ይፈርስና ትጨነግፋለች። ስለዚህ ማርገዝ አለማርገዟን በእጁ ሳይዳስስ የሚወጋ ባለሙያ በግቢዎ አይግባ። ይህን በኃይል ነው የምናገረው። በአንድ መርፌ የጥጃና የወራት ወተት ተስፋ ሲጠፋ አይቻለሁ።

ሌሎች እንስሳት ላይስ? አሳማ ከተጠቃች በኋላ ባሉት 12 ቀናት ገደማ ቢጫ እጢዋ ለዚህ መርፌ ጆሮ የለውም። ፈረስ በተቃራኒው በጣም ትሰማለች። ዳይኖፕሮስት የሚባለው ዓይነት ለላም 25 ሚሊግራም ሲሆን ለፈረስ 5 ይበቃታል፤ ያም ሆኖ ታልባለች፣ ሆዷንም ይቆርጣታል። የላሟን ልክ ለፈረስ መስጠት ጭካኔ ነው።

ሴት ላይስ? የሴት ማኅፀን ቢጫ እጢዋን የሚያፈርስ መልእክት አይልክም። ማኅፀኗ በቀዶ ሕክምና ቢወጣና የእንቁላል እጢዎቿ ቢቀሩ፣ እጢዎቹ ወርኃዊ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ላም ላይ ማኅፀኑ ቢወጣ ግን ቢጫው እጢ ለወራት ሳይነቃነቅ ይቆያል። ይህን የሚሰማ ሰው «እንግዲያው ሴት ላይ አይሠራም» ሊል ይችላል። ስሕተት ነው! የሴት ማኅፀን ጡንቻ የዚሁ ሆርሞን መቀበያ አለው፤ ሲደርሰው ይኮማተራል። በሐኪም ቤት ከወሊድ በኋላ ደም የበዛባትን እናት ለማዳን የሚወጋ መድኃኒት ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የሳምባ ቧንቧም መቀበያው አለው፤ አስም ያለበትን ሰው ሊያፍነው ይችላል። መድኃኒቱ ደግሞ በቆዳ ይገባል። የላም ልኩ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ጥቂት ጠብታ እጅ ላይ ቢፈስ ቀላል አይደለም። ነፍሰ ጡርና አስም ያለበት ሰው ጨርሶ እንዳይነካው የሚለው ማስጠንቀቂያ ከብልቃጡ ጋር ይመጣል። በማናውቀው ቋንቋ በደቃቅ ፊደል ስለሚጻፍ ማንም አያነበውም እንጂ። እጅ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ መታጠብ ነው።

ወተቱ ለምን አያስፈራም? አንድ ጊዜ የተወጋው ፕሮስታግላንዲን በላሟ ሰውነት ውስጥ ፈጥኖ ይሰባበራል፤ ወደ ወተት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ለሚታለብ ላም የተፈቀዱት ዓይነቶች ወተት አስደፍተው አያውቁም፤ ሥጋው ነው ለአጭር ጊዜ መቆየት ያለበት። ደንበኞችዎ «ሆርሞን የሌለው ወተት» ከፈለጉም አያገኙም። ተወግታ የማታውቅ ላም ወተት ውስጥም ፕሮጄስትሮን አለ። እንዲያውም ላሟ ማርገዟን በሦስተኛው ሳምንት ከወተቷ ፕሮጄስትሮን መገመት ይቻላል። የሰው ልጅ ወተት ከጠጣበት ቀን ጀምሮ ሲጠጣው ኖሯል፤ ከሚዋጠው ፕሮጄስትሮን አብዛኛውን ጉበት ያከሽፈዋል። ልጆቹን የሚያሰጋው ያልፈላ ወተት ነው። ውርጃ አምጪው ብሩሴላና የከብት ቲቢ የሚተላለፉት በእርሱ ነው።

ኦክሲቶሲንን ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን አላወርድ ስትል በየእልቢያው ኦክሲቶሲን የሚወጉ አሉ። ይህ ሆርሞን በላምና በሴት አንድ ነው፤ ዘጠኙም አሚኖ አሲዶች ሳይለዩ። ሐኪም ቤት ምጥ ለማምጣት የሚሰጠው እርሱ ነው። በወተት ቢያልፍ እንኳ ጨጓራ ይፈጨዋል። ላሟ ግን ትለምደዋለች፤ ያለ መርፌ ማውረድ ያቅታታል። ጡቷን በለብ ያለ ውኃ አጥቦ ማሸት፣ ፊቷ ዱቄት ወይም ፉርሽካ ማኖር፣ አላቢዋን አለመቀያየር የተሻለ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ይህንንም መርፌ አትያዝ።

የአማትዎን ስጋት አልንቅም፤ እናት ለልጅ ስትፈራ ነው። ዶሮው ላይ ግን ተሳስተዋል። የዶሮ የእድገት ሆርሞን ፕሮቲን ነው፤ መኖ ውስጥ ቢገባ ይፈጫል። በመርፌ እንዳይሰጥ በሺህ ለሚቆጠር ዶሮ ደጋግሞ መውጋት የትኛው አርቢ ይችላል? ፍጥነቱ የመጣው ከዘር ምርጫ ነው። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ1957፣ የ1978 እና የ2005 የሥጋ ዶሮ ዝርያዎችን ጎን ለጎን አንድ ዓይነት መኖ አብልተው አሳደጉ። ሆርሞን የለም። በ56ኛው ቀን የ1957ቱ 905 ግራም፣ የ1978ቱ 1,808 ግራም፣ የ2005ቱ 4,202 ግራም መዘኑ። ለአማትዎ ይህንን ይንገሯቸው። የሥጋ ዶሮ ላይ መጠየቅ ያለበት አንቲባዮቲክ ነው።

ዓሣው ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። በብዙ አገር በኩሬ ለሚረባ ቆሮሶ፣ ጫጩቶቹ ሁሉ ወንድ እንዲሆኑ ሜቲልቴስቶስትሮን በመኖ ይሰጣል። ወንዱ ቶሎ ያድጋል፤ ኩሬውም በጫጩት አይጨናነቅም። ብዙውን ጊዜ በአንድ ኪሎ መኖ 60 ሚሊግራም ነው፤ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት። ዓሣው ለገበያ እስኪደርስ ወራት ስለሚያልፉ በሰውነቱ የሚቀረው ከቁጥር አይገባም። መኖውን ያለ ጓንት የሚያቦካው ሠራተኛና ከኩሬው የሚወጣው ውኃ ናቸው የሚያሳስቡኝ። በሀዋሳ የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የሚሸጠው ቆሮሶና አምባዛ ግን ከሐይቁ በመረብ የተያዘ ነው፤ ሆርሞን ያበላው የለም።

ለሐይቁ ሌላ ስጋት አለኝ። በካናዳ አንድ ትንሽ ሐይቅ ውስጥ ተመራማሪዎች ከ2001 እስከ 2003 የወሊድ መከላከያ እንክብል ውስጥ ያለውን ኤስትሮጅን ጨመሩ። መጠኑ በአንድ ሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም፣ የግራም ቢሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ነው። ወንዶቹ ዓሦች የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን ማምረት ጀመሩ፤ አንዲቱ የትንንሽ ዓሣ ዝርያ ከሐይቁ ልትጠፋ ተቃረበች። መቀበያው ከሰው ጋር ስለሚመሳሰል ለሴት የተሠራው እንክብል ዓሣውን አገኘው። የሀዋሳ ሐይቅ ደግሞ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጽ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ከከተማው ፍሳሽ የገባው እዚያው ይከማቻል። ስለ ሆርሞን የሚጨነቅ የሀዋሳ ሰው ሁሉ የፍሳሽ ማጣሪያን ጉዳይ አብሮ ቢያነሣ ደስ ይለኛል። የሆቴሎቹና የሐኪም ቤቶቹ ፍሳሽ የት ይሄዳል ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው።

ለቀጣዩ ልንገርዎ። ከተዳቀለችበት ቀን ጀምረው ከ18 እስከ 24ኛው ቀን ድረስ ጠዋትና ማታ ይከታተሏት፤ ኮርማ ከፈለገች አልያዘችም ማለት ነው። ካልፈለገች ሁለት ወር ካለፋት በኋላ ይዳሰስልዎ። ከዚያ በፊት ማንም «ልድገምላት» ቢል እሺ አይበሉ። ባለሙያው በሚመጣበት ቀን ባለቤትዎ ወይም ጎረቤት ላሟን ይያዝ፤ አስም ካለበት እሱም አይሁን። ብልቃጡንና መርፌውን ባለሙያው ራሱ ይዞ ይሂድ፤ ግቢ ውስጥ ጥሎት እንዳይሄድ፣ ልጆች ያነሡታል። ለደንበኞችዎም የመድኃኒቱን ስምና የተወጋችበትን ቀን በወረቀት አስጽፈው ያሳዩ፤ የሚጠራጠር ካለ ወረቀቱን ይዞ የፈለገውን የእንስሳት ሐኪም ይጠይቅ።